ኛሪያል ያልወሰደችው ክትባት

የደቡብ ሱዳን ከተማችንን ቤንቲዩን ውሃ ከከበባትና እኛም በአፈር ግድብ ተከልለን መኖር ከጀመርን ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ፣ ጎረቤቴን እማማ ኛሉዋክን ቧንቧው አጠገብ አገኘኋቸው። ልጃቸውን ኛሪያልን ከቀበርን ሁለት ወር አልሞላም። የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች፤ ከቆሸሸ ውሃ የሚመጣው የወፍ በሽታ ዓይኗን ቢጫ አድርጎ በስድስት ቀን ከነፅንሷ ወሰዳት። ቧንቧው አጠገብ ባገኘኋቸው ዕለት የኛሪያል ታናሽ እህት ኛኮንግ፣ እሷም እርጉዝ፣ ከእናቷ ኋላ ቆማለች። የክትባት ሠራተኛው ጋትቤል የክትባቱን ሳጥን አንግቶ እማማን ይለምናቸዋል።

"እማማ፣ እባክዎ ይስሙኝ።"

"ምኑን ልስማህ? እርጉዝ ላይ በሽታ ልትወጋ! እናት የለህም እንዴ አንተ?"

"በሽታውን አይደለም የምንወጋው። ሐኪሞቹ የሚሠሩት የበሽታውን ቫይረስ ላይኛ ገላ ቁራጭ ብቻ ነው። ቁራጩ ብቻውን ከሆነ ሰውነት ይንቀዋል። ስለዚህ ብዙ ቁራጮች ተገጣጥመው ቫይረሱን የሚመስል ድቡልቡል ነገር ይሆናሉ። ናኖ ቅንጣት ይባላል፤ በዓይን አይታይም። ውስጡ ግን የሚራባ ነገር የለም።"

"ውስጡ ባዶ ከሆነ ምን ይጠቅማል ታዲያ? ባዶ ልትሸጥልኝ ነው?"

ጋትቤል ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። "ጥጃዋ የሞተባትን ላም እንዴት ያልቧት ነበር?"

"ይኼንንማ ሕፃንም ያውቀዋል። የጥጃዋን ቆዳ ሣር ሞልተን ፊቷ እናቆማለን። እሱን እየላሰች ወተቷን ትለቃለች።" ወደ ሳጥኑ አዩ። "ቆዳ ብቻ ነው እያልከኝ ነው?"

"ቆዳ ብቻ። ሰውነት ግን እውነተኛው መጣ ብሎ መከላከያውን ያዘጋጃል። እውነተኛው የመጣ ዕለት ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።"

"አያማትም?"

"ክንዷን ያማታል፤ ሊያተኩሳትም ይችላል። ደግሞ ሦስት ጊዜ መወጋት አለባት።"

እማማ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። "ባለፈው ስትመጣ ኛሪያል ዓሣ ልትገዛ ሄዳለች አልኩህ። ከሸራው ኋላ ደብቄያት ነበር።"

"አውቃለሁ እማማ። ሳቋን ሰምቼው ነበር።"

"ሰምተህ? ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"አፈርኩ። ትልቅ ሰው ዋሽተዋል ማለት ነውር መሰለኝ።"

ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። እኔም ስንቱን ነገር በይሉኝታ ሳልናገር እንዳለፍኩት አሰብኩ። ዕውቀት ያለው ሰው በትዕግሥት ካላስረዳ፣ ጨዋነቱ ማንንም አያድንም።

"ኛኮንግ፣ ክንድሽን ስጪው" አሉ እማማ በመጨረሻ።

ኛኮንግ ሦስቱንም ወሰደች። ሴት ልጅ በደህና ተገላገለች። ዛሬም ውሃችንን እናፈላለን፣ እጃችንን በሳሙና እንታጠባለን፤ ክትባቱ የንጹሕ ውሃን ቦታ አይተካምና። ነገር ግን እርጉዝ ሴት የቆሸሸ ውሃ በጠጣች ቁጥር ሞትን እንዳትጠብቅ አድርጓታል።

እማማ አሁን ከቤት ቤት እየዞሩ፣ እንቢ ለሚሉ እናቶች የኛሪያልን ነገር ይነግራሉ። ሲነግሩ አያለቅሱም። የሚያለቅሱት ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ አብሬያቸው ስለምሄድ አውቃለሁ።