አቶ ኃይለመስቀል የቀኑበት ዓሣ

አቶ ኃይለመስቀል ወንድሙ ከአባታቸው ከአቶ ወንድሙ ሽፈራውና ከእናታቸው ከወ/ሮ ደጊቱ ተገኝ በታኅሣሥ ወር 1932 ዓ.ም. በዝዋይ ተወለዱ። አዲስ አበባ አጎታቸው ዘንድ ተቀምጠው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላ፣ የጨርቃ ጨርቅ ሙያ እንዲያጠኑ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃም ተልከው ሦስት ዓመት ቆይተዋል። ትሬንት በሚባለው ወንዝ ዳር ዓሣን በመንጠቆ ይዞ፣ መዝኖ፣ መልሶ ወደ ውኃው መልቀቅን የተማሩት እዚያ ሲሆን፣ ከዲፕሎማቸው ይልቅ የሚኮሩትም በዚህ ነበር።

ወደ አገራቸው ተመልሰው በፋብሪካ ሲሠሩ ከወ/ሮ ሉሊት ይገዙ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው መዓዛንና ዳንኤልን አፍርተዋል። በሱዳን በኩል ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1982 አትላንታ ከገቡ በኋላ፣ ታከር በሚገኝ መጋዘን እየሠሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ሮዝዌል፣ ቻታሁቺ ወንዝ ዳር ይውሉ ነበር። የሥራ ባልደረባቸውን አቶ ዘገየን ወደ ወንዙ የወሰዱትም፣ መንጠቆ ማሰር ያስተማሩትም እርሳቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1985 ሚያዝያ ላይ ታዲያ አቶ ዘገየ ሠላሳ አንድ ፓውንድ የሚመዝን፣ ካርፕ የሚባል ዓሣ አወጡ። መምህራቸው በሃያ ዓመት ውስጥ ከሃያ ሁለት ፓውንድ አልፈው አያውቁም። አፋቸው «እንኳን ደስ ያለህ» ቢልም ልባቸው ቆሰለ፤ ከሰው መሀል የዚያ ዓሣ ወሬ ሲነሣ እርሳቸውም ተነሥተው ይወጡ ጀመር። በዓመቱ አቶ ዘገየ ወንድ ልጅ ወልደው የክርስትና አባት እንዲሆኑላቸው ሲለምኗቸው፣ ወገቤን አመመኝ ብለው ቀሩ፤ ያን ዕለት የዋሉት ግን ወንዝ ዳር ነበር። ባለቤታቸው «ለአንድ ዓሣ ብለህ ወዳጅህን ታጣለህ?» ቢሏቸውም፣ የሚበልጥ ዓሣ ፍለጋ ሦስት ዓመት ለብቻቸው ባከኑ።

እ.ኤ.አ. በ1988 የጉበት ሕመም ጸንቶባቸው የመንጠቆውን ዘንግ ለብቻቸው መያዝ ሲያቅታቸው፣ ራሳቸው ለአቶ ዘገየ ደወሉ። አቶ ዘገየም ቅሬታ ሳያሳዩ በመኪናቸው ወደ ወንዙ ወሰዷቸው። በዚያ ቀን አቶ ኃይለመስቀል ከአንድ ትልቅ ካርፕ ጋር ብዙ ታግለው ወደ ዳር አቀረቡት፤ አቶ ዘገየ በመረብ ተቀብለው ሚዛን ላይ ሰቀሉት።

«እንዳታደላልኝ፤ ቁጥሩን እንዳለ ንገረኝ» አሉ አቶ ኃይለመስቀል።

«ሠላሳ ፓውንድ ተኩል» አሉ አቶ ዘገየ።

አቶ ኃይለመስቀል ዓሣውን ወደ ውኃው ከለቀቁ በኋላ፣ «ዛሬም ቀናሁብህ። የልጅህን ክርስትና የቀረሁትም በዚሁ ነው፤ ይቅር በለኝ» አሉ።

«ያኔውኑ አውቄአለሁ። ና እንሂድ፣ በርዶሃል» አሉ አቶ ዘገየ፣ ካፖርታቸውን እያለበሷቸው።

ይህ ነገር በቀብራቸው ዕለት ሳይለሳለስ እንዲነበብ አደራ ያሉት ራሳቸው ሟች ናቸው።

አቶ ኃይለመስቀል በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በተወለዱ በአርባ ስምንት ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ወዳጃቸውን አቶ ዘገየንና መርዶው ገና ያልተነገራቸውን እናታቸውን ትተው ሄደዋል። ልብን መርምሮ የሚያውቅ አምላክ የተናዘዙትን ይቅር ብሎ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን፤ ዝዋይ ላሉት እናትም መርዶውን የሚሸከሙበት ጉልበት ይስጥልን።