በአቶ ላቀው ኪስ የቀረው ፊውዝ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ በዚህ ጭቃ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ለቀስተኞች፣ በተለይም ከወግዲ ድረስ ተጉዛችሁ በወይራው ሥር የተቀመጣችሁ ወገኖች፤ የአቶ ላቀው ንጉሡን ዜና ሕይወት እንዲያነብላችሁ የታዘዘው የአርባ ስድስት ዓመት ባልንጀራቸው መምህር ተረፈ ነው። ያዘዙት ደግሞ ራሳቸው ሟቹ ናቸው። ሲያዝዙም፣ «አንድ ነገር አለች፣ እሷ ሳትቀነስ ትነበብ፤ እሷን ዘላችሁ ደግ ሰው ነበር ብቻ የምትሉ ከሆነ ግን ተዉት፣ በዝምታ ቅበሩኝ» ብለዋል። ያቺ አንዲት ነገር በሐምሌ ወር 1966 ዓ.ም. በወግዲ መጠለያ ስለ ሞቱ ዘጠኝ ሰዎች የምትናገር ናት፤ አንባቢውም እርሷን ከማንበብ ለማምለጥ ሳምንት ሙሉ ምክንያት ሲፈልግ ሰንብቶ አንድም አላገኘም።

አቶ ላቀው ከአባታቸው ከመሪጌታ ንጉሡና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ማርያም፣ ከመካነ ሰላም የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ የደጋ መንደር፣ በጥር ወር 1937 ዓ.ም. ተወለዱ። መሪጌታ ንጉሡ የደብሩ የዜማ መምህር ስለ ነበሩ የበኩር ልጃቸው ወንበራቸውን እንዲወርሱላቸው አጥብቀው ይመኙ ነበር፤ ይሁን እንጂ አቶ ላቀው ዳዊት ደግመው ጾመ ድጓ ከጀመሩ በኋላ ልባቸው ከዜማው ይልቅ ወደ ጣሪያው እያደላ፣ አባት ሲያዜሙ ልጅ አንጋጠው የቤተ መቅደሱን ማገር ሲቆጥሩ ብዙ ጊዜ ተይዘዋል። በኋላም በከተማው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ፤ ከዚያም መጋዝና መዶሻ ይዘው የአናጢነት ሥራ ጀመሩ።

በዚህ ሙያቸው ከቦረና እስከ ወግዲ፣ ወዲያም እስከ ማሻ ባሉ አጥቢያዎች ጣሪያ ሠርተዋል፤ ሌላው አናጢ ሁሉ መሰላሉን ይዞ ከታች ሲቀር የጉልላቱን መስቀል ከጫፍ ላይ የሚተክሉት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፈንታዬ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ድንቅነሽን፣ ውበቱንና ሐረግን ወልደዋል። ወይዘሮ ፈንታዬ በሠርጋቸው ሰሞን ባላቸውን ከምድር ይልቅ በቆርቆሮ ላይ አይቻቸዋለሁ እያሉ ሰውን ያስቁ እንደ ነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

በ1965 ዓ.ም. ዝናብ ከድቶ አዝመራው ሲጠፋ፣ ሰውም ቀዬውን እየለቀቀ በየመንገዱ መውደቅ ሲጀምር፣ ከመካነ ሰላም ወዲያ ላሉት መጠለያዎች ስልክ የሚባል ነገር አልነበረም። በዚያን ጊዜ ያለ ደመወዝ፣ ለነገሩ ካላቸው ፍቅር ብቻ ሬዲዮ የሚነጋገሩ፣ አማተር የሚባሉ ጥቂት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ሠላሳ ሜትር የሚሆን የብረት ማማ አቆሙ። በማማው ጫፍ አንቴናዎች ተሰቀሉ፤ በሥሩ በምትገኘው የቆርቆሮ ጎጆ ውስጥም ከወግዲ፣ ከማሻና ከኩታበር የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ ተራራውን አሻግሮ ወደ ሌላው የሚወረውር ሣጥን ተቀመጠ። ሰዎቹ ሲመለሱ ጥበቃውን ለአራት የከተማው በጎ ፈቃደኞች አስረከቡ። ከአራቱ ሁለቱ ቀደም ብለው አርፈዋል፤ ሦስተኛው ዛሬ በፊታችሁ ተገንዘው የተኙት አቶ ላቀው ናቸው፤ አራተኛው ይህን የሚያነብላችሁ ሰው ሲሆን፣ ከማማው ሦስተኛ ብረት በላይ ወጥቶ ስለማያውቅ ሥራው ከታች ሆኖ ሬዲዮውን ማዳመጥ ነበር።

ነፋስ አንቴናውን ሲያዞረው፣ ዝናብ ብሎኑን ሲያዝገው፣ አሞራ ሽቦው ላይ ሲሠፍር ቺንጋቸውን ታጥቀው የሚወጡት አቶ ላቀው ነበሩ። ሣጥኑ በርቶ ሳለ ከአንቴናው አጠገብ የደረሰ ሰው ሊቃጠል ስለሚችል፣ እንግዶቹ አንድ ብርቱ ሕግ ትተውልን ነበር፤ የሚወጣው ሰው የሣጥኑን ፊውዝ በገዛ እጁ ነቅሎ በኪሱ ይዞ ይወጣል፣ ሲወርድም በገዛ እጁ ይመልሳል፣ ሌላ ሰው ግን አይነካውም። ፊውዟ የባቄላ ፍሬ የምታህል መስታወት ነበረች፤ መለዋወጫም አልነበራትም። አቶ ላቀው ከመውጣታቸው በፊት ኪሳቸውን መታ መታ አድርገው፣ «አብሽር፣ ነፍሴ እዚህ ናት» ይሉ ነበር።

ከሐምሌ ቀናት በአንዱ ሐሙስ፣ ሌሊቱን የነፈሰው ነፋስ የወግዲን አንቴና አጣሞት ስላደረ፣ አቶ ላቀው እንደ ልማዳቸው ፊውዙን ኪሳቸው ከትተው ወጡ። እርሳቸው ከላይ ብሎን ሲያጠብቁ ከመንደራቸው የተላከ ሰው እያለከለከ ደርሶ፣ ወይዘሮ ወለተ ማርያም በተስቦ ታመው ማረፋቸውን ለመምህር ተረፈ ነገረው። ተረፈም ማማ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም ብሎ አፉን ይዞ ጠበቀ፤ እስከ መጨረሻው ግን አልጠበቀም። እግራቸው መሬት እንደ ረገጠ፣ ገና ወደ ጎጆዋ ሳይገቡ፣ «ላቀው፣ እናታችን አረፉ» አላቸው። አቶ ላቀው ቺንጋቸውን እንኳ ሳይፈቱ፣ ቁልቁለቱን እየሮጡ ወደ መንደራቸው ሄዱ፤ ፊውዙም ከኪሳቸው ሳይወጣ ሄደ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ወግዲ የሚያወርደው የታችኛው መንገድ በናዳ ተቆረጠ። የወግዲ መጠለያ አስታማሚ ድሬሰርና የሬዲዮ ሠራተኛ የነበሩት፣ ዛሬ በወይራው ሥር የምታዩአቸው ወይዘሮ በለጥሻቸው፣ ቅዳሜ ይደርሳል የተባለው የእህል ጭነት በላይኛው መንገድ ዞሮ እንዲመጣ መካነ ሰላምን ጠሩ። ደግመው ጠሩ፤ ሐሙስን አምሽተው፣ ዐርብን ውለው ጠሩ። በእግር የላኩትም መልእክተኛ ተራራውን ዞሮ የደረሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ሣጥኑን መብረቅ ሳይመታው አይቀርም የሚል ወሬ በከተማው ሲነገር፣ እህልና የዱቄት ወተት የጫኑት ሠላሳ አጋሰሶች ዐርብ ጎሕ ሲቀድ በታችኛው መንገድ ወረዱ፣ ከናዳው ደርሰው ቆሙ፣ ማለፍ አቅቷቸውም አቀበቱን ተመለሱ። ቅዳሜ መድረስ የነበረበት እህል ሰኞ ደረሰ።

ቅዳሜ የወይዘሮ ወለተ ማርያም ሠልስት ነበር። አቶ ላቀው ልብሳቸውን ሊቀይሩ ሲሉ እጃቸው ከሱሪያቸው ኪስ ውስጥ ያቺን መስታወት አገኘች፤ የሠልስቱን ሰው ትተው አቀበቱን በሩጫ ወጥተው ፊውዙን ከቦታው መለሱ። ሣጥኑ ገና ከመብራቱ የተሰማው የወይዘሮ በለጥሻቸው ድምፅ ነበር፤ ከመጣራት ብዛት ስለ ተዘጋ የሴት አይመስልም ነበር፤ «መካነ ሰላም፣ መካነ ሰላም፣ ወግዲ ነኝ፤ ምነው ዝም አላችሁ? ሰው አለቀብኝ እኮ!» ይል ነበር። ቅዳሜና እሑድ በወግዲ መጠለያ ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። አቶ ላቀው ዘጠኙንም የገደልኋቸው እኔ ነኝ ይሉ የነበረው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ፊውዙ ያለበትን የሚያውቅ ከእርሳቸው በቀር ማንም እንዳልነበረም እስከ ዕለተ ሞታቸው ያምኑ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. መስከረም፣ ከተማው ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን መውረድ ሲያወራ፣ አቶ ላቀው ብቻቸውን በእግር ወግዲ ወረዱ፤ አሳባቸውም ከሟቾቹ ቤተሰብ ፊት ወድቀው ለመናዘዝ ነበር። ወይዘሮ በለጥሻቸው ግን ገና ሲያዩአቸው አቅፈው ስለ ሳሟቸው፣ ኑዛዜውን ትተው፣ ለተዝካር ነው ብለው የዘጠኙን ስም ጽፈው ተመለሱ። በየዓመቱም ተዝካራቸውን አወጡ፤ ሰውም ይህን በደግነታቸው ቆጠረላቸው፣ እርሳቸውንም የጎዳቸው ይኸው ነበር። በዚያው ዓመት ለተወለደችው ልጃቸው ያወጡላት ስም፣ በዚያች እሑድ የሞተችው የሰባት ዓመት ልጅ ስም እንደ ሆነ ለሐረግም ለእናቷም አልነገሩም፤ ሐረግ፣ ልጄ፣ ይህን ዛሬ ከሕዝብ ጋር በመስማትሽ ይቅርታ አድርጊላቸው።

በ1970 ዓ.ም. ሬዲዮው ለማን ያወራል የሚል ጥርጣሬ ተነሥቶ ሣጥኑ ተነቅሎ ተወሰደ፤ አቶ ላቀውም ታስረው ስምንት ወር ቆዩ። መርማሪዎቹ የደበቅኸውን መልእክት አውጣ እያሉ ሲጠይቋቸው፣ እርሳቸው ስለ አንዲት ፊውዝና ስለ ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ስለ መለሱ፣ ይህስ አእምሮው ተነክቷል ተብለው ተለቀቁ። ማማውን እንዲያፈርሱ ሲታዘዙ ግን ድንገት ጉልበታቸውን አመማቸው፤ በአገሩም ሌላ የሚወጣ ሰው ስላልነበረ ማማው እንደ ቆመ ቀረ። ያ የታመመ ጉልበት በዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ደኅና ሆኖ ማማው ጫፍ ሲደርስ ሁላችንም አይተናል።

ከዚያ ወዲህ ሣጥን የሌለውን ማማ፣ ድምፅ የማያልፍበትን አንቴና፣ በየዓመቱ በዚያችው ሐሙስ እየወጡ ብሎኑን አጠበቁ፣ ግራሶ ቀቡ፣ የሽቦውን ውጥረት አስተካከሉ። ከአጠገቡ የሞባይል ማማ ከቆመ በኋላ ወጣቶች፣ አያ ላቀው የሞተ ብረት ይቀልባሉ እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እርሳቸው ግን ነፋሱ በሽቦው ውስጥ ሲያልፍ ወግዲ ትጣራለች ይሉ ነበር፤ አንቴናው ከዞረ አልሰማትም ብለውም ይፈሩ ነበር። አንባቢው ይህን ሲሰማ ሥራውን እንደ ናቀ ሰው ፊቱን ያዞር ነበር፤ እውነቱ ግን እርሱም ይሰማው ነበር።

አቶ ላቀው ካለፈው ዓመት ጀምሮ ልባቸው ደክሞ፣ እግራቸው አብጦ፣ በቤታቸው ሲታመሙ ቆይተው፣ ሐምሌ 9 ቀን 2011 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው አርፈዋል። በመጨረሻዋ ሳምንት ፊውዟን በመዳፋቸው ጨብጠው ይህን ጽሑፍ አጻፉ፤ ሲጨርሱም ለወግዲ ሰው ይላክ፣ በፊታቸው ይነበብ፣ ቢረግሙኝም ይርገሙኝ፣ ፊውዙ ግን ከእኔ ጋር ይቀበር አሉ።

እስከዚህ ያለው፣ እኔ ከጨመርሁት ጥቂት በቀር፣ ሟቹ ያጻፉት ወይም የሚያውቁት ነው። ከዚህ በታች ያለውን አያውቁትም፤ በእጄ የጻፍሁትም ትናንት ነው።

ፊውዙ የት እንዳለ አውቅ ነበር። ሐሙስ ዕለት የጎጆዋን በር ከፍቼ ባዶውን ቦታ አይቻለሁ። ዐርብ ከቀብር መልስ ለቅሶው ቤት ገብቼ ከአቶ ላቀው ጎን ተቀምጫለሁ፤ ንፍሮ በልቻለሁ፤ ኪሳቸው ከጉልበቴ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። እናቱን ከቀበረ ሰው የመስታወት ቁራጭ መጠየቅ ነውር መስሎኝ፣ ሰዉ ምን ይለኛል ብዬ፣ አንድ ቀን ምን ያመጣል ብዬ ዝም አልሁ። ቅዳሜም ጠዋት ዳግመኛ ሄጄ ተቀምጬ ዝም አልሁ። መብረቅ መታው የሚለውን ወሬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። አቶ ላቀው ፊውዙን ይዘው እያለቀሱ ሲመጡም፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ «የት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከዚያ በኋላ አርባ አምስት ዓመት ሙሉ በየሐምሌው ማማው ሥር ቆሜ ሲወጡና ሲወርዱ አየሁ፤ አንድ ቃል ብናገር ሸክማቸው እንደሚቀልላቸው እያወቅሁ አልተናገርሁም።

ስለዚህ ትእዛዛቸውን ሁሉ ስፈጽም አንዲቱን እተዋለሁ። ፊውዙን ከመዳፋቸው ወስጄዋለሁ፤ አሁን በእኔ ኪስ ነው፤ ከእርሳቸው ጋር አይቀበርም።

አቶ ላቀው ንጉሡ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፈንታዬን፣ ልጆቻቸውን ድንቅነሽን፣ ውበቱንና ሐረግን፣ ሰባት የልጅ ልጆችና ኮረብታው ላይ ወላጅ አልባ የቀረ አንድ ማማ ትተው ሄደዋል። ቀድመው ሄደው የሚጠብቋቸው ደግሞ፣ በጻፉት ቅደም ተከተል፣ አባ ክንፈ፣ ወይዘሮ ብርሀንነሽና ልጃቸው አበቡ፣ ፈንታሁን፣ ወይዘሮ አልታዬ፣ ሩቂያና ስም ያልወጣላት ጨቅላዋ፣ ሽማግሌው አቶ ይማም፣ የሰባት ዓመቷም ሐረግ ናቸው። የሁሉም አምላክ የእርሳቸውንም የእነዚህንም ነፍስ፣ የሚጣራ ሁሉ መልስ በሚያገኝበት ስፍራ በአንድነት ያሳርፍልን፤ አሜን።

እኔ አሁን ከዚህ ወርጄ ወደ ወይራው ሥር እመጣለሁ። ወይዘሮ በለጥሻቸው፣ ቦታ ከሰጡኝ ከጎንዎ እቀመጣለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን ዝም ብዬ አልቀመጥም፣ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።