ሦስት መቶ ጊዜ የተመለሰ አውሮፕላን

(አዳማ፣ ከሰዓት በኋላ፤ የጦርነት ጌም የምትሠራው ምንትዋብ፣ ከብዙ ዓመት በፊት በጦርነት ከነአውሮፕላኑ የቀረው የሻምበል መርዕድ ልጅ፣ የአባቷ ሚዜና ሜካኒክ በነበሩት በጋሽ ወንድይራድ በረንዳ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ ተቀምጣለች።)

ወንድይራድ፦ የብልሽቱን ቁጥር ዜሮ አድርጊው አልኩሽ እኮ።

ምንትዋብ፦ ጋሼ፣ በራሱ ብልሽት የማይወድቅ አውሮፕላን የት አለ? ትንሽ ቁጥር ይስጡኝ። ከመቶ አንድም ቢሆን።

ወንድይራድ፦ እኔ እጄን ያስገባሁበት አውሮፕላን ተመትቶ እንጂ በራሱ አይወድቅም። ደግሞስ ለጨዋታ ይሄን ያህል መጨነቅ ምንድነው?

ምንትዋብ፦ ጨዋታም ሕግ አለው። ለእያንዳንዱ አውሮፕላን ፍጥነቱን፣ ከፍታውን፣ ነዳጁን፣ የአብራሪውን ችሎታ እሰጠዋለሁ። ጠላት ሲገጥመው ማሽኑ ሁሉንም አመዛዝኖ ዕጣ ያወጣል።

ወንድይራድ፦ በዕጣ ነው የምትገድሏቸው? ጎበዝ። በእኛ ጊዜ እንኳ ይሄን ያህል አልቀለለም።

ምንትዋብ፦ የአባቴን የመጨረሻ ግዳጅ አስገባሁት።

ወንድይራድ፦ ምን አልሽ?

ምንትዋብ፦ የዚያን ዕለቱን እንዳለ። ደመናውን፣ የጫነውን ቦምብ፣ የጠላትን መድፍ። ሦስት መቶ ጊዜ አበረርኩት።

ወንድይራድ፦ ስንቴ ወደቀ?

ምንትዋብ፦ አንዴም። ሦስት መቶውንም ጊዜ ተመልሶ አረፈ።

ወንድይራድ፦ እንግዲያው ጨዋታሽ ተበላሽቷል። ተመትቶ ነው የወደቀው፤ የመርዶው ደብዳቤ ላይ ተጽፎ የለ እንዴ?

ምንትዋብ፦ በምን ተመታ? መድፋቸው ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ አይደርስም፤ እሱ አምስት ሺህ ላይ ነኝ ብሎ በሬዲዮ ተናግሯል። ጄታቸው ደግሞ እዚያ ድረስ ቢመጣ መመለሻ ነዳጅ የለውም።

ወንድይራድ፦ ዝቅ ብሎ ይሆናላ።

ምንትዋብ፦ ኢላማው ጋ ሳይደርስ ነው ድምፁ የጠፋው። ለምን ብሎ ዝቅ ይላል? እርስዎ ያሉትን ዜሮ ካስገባሁ የሚቀረኝ መልስ አንድ ነው። ሰፈሩ ሲያንሾካሹክ የኖረው። አውሮፕላኑን ይዞ ከዳ።

ወንድይራድ፦ መርዕድ አልከዳም። ማን ነው እንደዚያ የሚለው?

ምንትዋብ፦ ሰው ይላል። እማዬ ደግሞ የሆነ አገር በሕይወት አለ ነው የምትለው። የቤት ስልኩን ላስቆርጠው ብላት እሺ አላለችም። እሱ የሚያውቀው ይሄን ቁጥር ነው፣ ሲደውል ማን ያነሳለታል ትላለች። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ጋሼ።

ወንድይራድ፦ እስቲ ዝጊው ይሄን ዕቃ።

ምንትዋብ፦ ዘጋሁት።

ወንድይራድ፦ የአባትሽ አውሮፕላን የሞተር ዘይት ግፊቷ ከጧት ጀምሮ ይወርድ ነበር። አይቼዋለሁ። የፍተሻ ቅጹ ላይ አትበርም ብዬ ጻፍኩ። አለቃችን መጣና ቀደደው። እስከ ሦስት ሰዓት አራት አውሮፕላን መነሳት አለበት፣ ሦስት ብዬ ሪፖርት አላደርግም አለ። ሌላ ቅጽ ሰጠኝ።

ምንትዋብ፦ ፈረሙ?

ወንድይራድ፦ ፈረምኩ። በዚያ ሳምንት ሁለት ሰው አሻጥረኛ ተብሎ ተወስዷል። ፈራሁ። ሌላ ስም የለውም፣ ፈርቼ ነው።

ምንትዋብ፦ አባቴ አያውቅም ነበር?

ወንድይራድ፦ መሰላሉ ላይ እግሩን አድርጎ ጠየቀኝ። «ወንድዬ፣ እንዴት ናት ዛሬ?» አለኝ። ከእኔ ሌላ የማንንም ሜካኒክ ቃል አያምንም ነበር።

ምንትዋብ፦ ምን አሉት?

ወንድይራድ፦ ደህና ናት አልኩት። ቀበቶውንም ያሰርኩለት እኔ ነኝ።

ምንትዋብ፦ ልጮህብዎት ይገባ ነበር።

ወንድይራድ፦ ጩሂ። መብትሽ ነው። እኔ እናትሽን በምን ዓይኔ ልያት? የለቅሶው ድንኳን ሲጣል እንኳ በቤታችሁ መንገድ አላለፍኩም።

ምንትዋብ፦ እማዬ መሞቱን ለምን እንዳላመነች ያውቃሉ?

ወንድይራድ፦ ሬሳ ስላላየች ነዋ።

ምንትዋብ፦ አይደለም። ደብዳቤው የመጣ ጊዜ መሞቱን አምና ጥቁር ለብሳ ነበር። በአርባው አወለቀችው። «የገዛ ሚዜው ለቅሶ አልደረሰም፤ ወንድይራድ አለመሞቱን ቢያውቅ ነው» ብላ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ትላለች።

ወንድይራድ፦ በእኔ ምክንያት?

ምንትዋብ፦ በእርስዎ ምክንያት።

ወንድይራድ፦ ያንን ጋቢ አቀብይኝ። ለቅሶ ልደርስ ነው።