የጋሼ ዓምደ ሚካኤል የስልክ ጾም

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ባልደረቦቼ፣ ለክረምት ከየዩኒቨርሲቲው የተመለሳችሁ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። ኃላፊያችን አቶ አስፋው «ኮከቤ፣ ከጋሼ ዓምደ ሚካኤል ጋር ብዙ የሠራሽ አንቺ ነሽ፤ ጡረታ ሲወጡም አንቺ ሸኚያቸው» ሲሉኝ፣ «ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መናገር ክልክል ነው» ብዬ ነበር። አልሰሙኝም። እንግዲህ ንግግሬ ካላማረ ጥፋቱ የእሳቸው ነው።

ጋሼ ሞላሌ የገቡበትን ቀን አልረሳውም። ከመርሐቤቴ ቆላ ተዛውረው፣ በኅዳር ውርጭ፣ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ «አገሩ ትንሽ ነፋስ አለው መሰለኝ» አሉኝ። የጥበቃውን የበግ ጠጉር ባና አምጥቼ ደረብኩላቸው። ትንሽ ቆይቶ አንድ አንባቢ ገባ። እስከ አፍንጫቸው ተጀቡነው ቢያያቸው ጤና ጣቢያ የገባ መስሎት «እግዜር ይማርዎ» ብሎ ሊወጣ ዞረ። ጋሼም ከባናው ውስጥ ሆነው «አሜን፤ መጽሐፍም አለን» አሉት።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ ባለፈው ሳምንት አብረን አቧራ ስናራግፍ «ኮከቤ፣ ከአሁን በኋላ ማን ይፈልገኛል? ቤቴ ገብቼ ከዚህ ስልክ ጋር ተፋጥጬ መዋሌ ነው» ያሉኝ። ሳቅ ብለው ነው የተናገሩት፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ያን ጊዜ አቧራዬን ማራገፍ ቀጠልኩ። ዛሬ፣ ጋሼ፣ እመልስልዎታለሁ፤ መጀመሪያ ግን እናማዎት።

ስማርት ስልክ ወደዚህ አገር የገባ ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ልጆቻችን አንድ መጽሐፍና አንድ ስልክ ይዘው ይመጡ ነበር። መጽሐፉ ይገለጣል፤ ክረምቱ ሲወጣም እዚያው ገጽ ላይ ነው። ጋሼ ይህን አዩ፣ አዩና አንድ ጠዋት አገልግል ይዘው መጡ። ምሳ ያመጡልን መስሎን ደስ አለን። እሳቸው ግን በሩ ላይ ቆመው «ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ጫማ ታወልቃላችሁ። እዚህ ስትገቡ ደግሞ ስልክ ታወልቃላችሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾም ነው» አሉ።

የዚያን ቀን የነበረው ስንብት የለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። አንዷ «ሳልሰናበተው?» አለች። ሌላዋ «ጋሼ፣ ከላይ ያድርጉልኝ፤ እንዳይታፈን» ብላ ስልኳን እንደ አራስ ልጅ በነጠላ ጠቅልላ ሰጠች። ጋሼ ስልኮቹን አገልግሉ ውስጥ ከተቱና ጠፍሩን ጥብቅ አድርገው አሰሩ። ብዙም ሳይቆይ አገልግሉ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ መሄድ ጀመረ። ከገበያ መልስ ሊያርፉ የገቡ አንድ አባት ቢያዩት «ኧረ ዶሮዋን አውጧት፤ ታፍና ልትሞት ነው» አሉ።

ማዕረግ እዚያ ጥግ አንገቱን ደፍቷል፤ ገና ስሙን ሳልጠራው አወቀ። ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው፤ ከጾሙ የሚያመልጥበትን መንገድ ያሰላ ነበር።

«ጋሼ፣ በሽተኛ ከጾም ነፃ ነው አይደል?»

«ነው።»

«እኔ ስልክ ከሌለኝ ያመኛል።»

«እንግዲያውስ የንስሐ አባትህ ይፍቱህ፤ እኔ ሥልጣን የለኝም።»

ልጁ የምሩን ሄዶ ቄስ መርስዔ ኃዘንን ይዞ መጣ። ቄሱ የሁለቱንም ቃል በትዕግሥት ሰሙና «ሕመሙስ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ጾሙ ነው» ብለው ፈረዱ። ከዚያ ዞር አሉና ከቀሚሳቸው ኪስ የራሳቸውን ስልክ አውጥተው «ይቺንም አስገቡልኝ፤ ዳዊቴን ልታስረሳኝ ነው» አሉ።

አሁን ወደ ጋሼ ራሳቸው ልምጣ። ደብረ ብርሃን የምታስተምረው ልጃቸው አመተሥላሴ ስማርት ስልክ ገዛችላቸው። ወዲያው ደግሞ ወንድ ልጅ ወለደችና በየቀኑ ፎቶውን መላክ ጀመረች። እዚህ ኔትወርክ የሚይዘው ከመንፈሳዊ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ኋላ ብቻ ነው። ጋሼም እዚያ መመላለስ አበዙ። አቶ አስፋው ይህን አይተው፣ ነገሩን ሳያጣሩ፣ በዓመቱ ሪፖርት «የመንፈሳዊ መጻሕፍት አንባቢ ቁጥር በእጅጉ ጨምሯል» ብለው ጻፉ። ከዞን ምስጋና መጣልን። ምስጋናው እስካሁን ግድግዳው ላይ ነው፤ ማንም እንዳያወርደው።

ጾሙን ሲሽሩ እጅ ከፍንጅ የያዘቻቸው ጽናት ናት። ጽናት ራሷ ንገሪ ስላለችኝ ነው የምናገረው። የመጀመሪያ ዓመቷን ወድቃ ከዩኒቨርሲቲ ተመልሳ ነበር። መልሰው ሊቀበሏት የሚችሉት ፈተና ካለፈች ብቻ ነበር። አገልግሉን ግን አጥብቃ የምትጠላው እሷ ነበረች፤ ተኮሳትራ ሰጥታ ተኮሳትራ ትቀበላለች። አንድ ቀን መጽሐፍ ፍለጋ ከመደርደሪያው ኋላ ስትሄድ፣ ጋሼ ግድግዳ ተደግፈው ለስልኩ ፈገግ ይሉለታል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ፍስክ ነው እንዴ?» አለቻቸው።

ጋሼ እንደ ተያዘ ሌባ ደነገጡና «ሕፃኑ ጥርስ አወጣ» አሉ።

እሷም ጥርሱን አየች፤ «ያምራል» አለች፤ ከዚያ እጇን ዘርግታ «በሉ ያምጡት» አለች።

ሰጧት። አልተቆጡም፣ ምክንያት አልደረደሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው የእሷን፣ እሷ የእሳቸውን ስልክ መጠበቅ ጀመሩ። እሷ እያነበበች እሳቸው ፊት ለፊቷ ይቀመጣሉ፤ እጃቸው ወደ ባዶ ኪሳቸው ሲሄድ በእስክሪብቶ ጠረጴዛውን ትመታለች።

ጽናት ፈተናውን አለፈች። ምን ረዳሽ ብላት እንዲህ አለችኝ፦ «እትዬ ኮከቤ፣ ዶርም ውስጥ ማንንም አላውቅም ነበር። የማውቀው ሰው ሁሉ ስልኩ ውስጥ ነው፤ ስዘጋው ሁሉም የሚሞቱብኝ ይመስለኛል። ሌላው ሰው ሁሉ ጣይው ይለኛል። ጋሼ ግን እኔም አልቻልኩም አሉኝ።»

ጋሼ፣ ስለ እርሷ አመሰግንዎታለሁ። ስለ ራሴም ላመስግን። ባሌ ከሞተ በኋላ ልጠርግ እዚህ ስገባ ፊደል ቆጥሬ ነበር እንጂ መጽሐፍ ጨርሼ አላውቅም። እርስዎም ሳይጠይቁ ቁልፉን ሰጡኝ፤ ከሥራ ሰዓት በኋላም ቁጭ ብዬ እንዳነብ ተዉኝ። አንዳንድ ቀን አንዱ ገጽ ላይ ዕንባ ሲይዘኝ፣ በልቤ ስላለው ነገር አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ቀጣዩን መጽሐፍ አመጡልኝ። ከዚህ የሚበልጥ ደግነት አላውቅም።

አሁን ለጥያቄዎ መልስ። ማን ይፈልገኛል ላሉት፣ ጽናት ሁለተኛ ዓመት ከበፊቱ ይብሳል እያለች ነው። መስከረም እስክትሄድ ድረስ ፊት ለፊቷ የሚቀመጥ ሰው ትፈልጋለች። ማዕረግ የሚከራከረው ሰው ካላገኘ ጥናት አይገባውም። እኔም ያልገባኝን ቃል የምጠይቀው ሰው እፈልጋለሁ። ደመወዝ የለውም፤ ፊርማም የለውም፤ አርፍደው ቢመጡም አቶ አስፋው አይቆጡም። ሰኞ በሩን በሁለት ሰዓት እከፍታለሁ።

በሉ እንግዲህ ጠላችሁን አንሱ፤ የዘንድሮ ገብስ ነው፣ አያሳፍርም። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። የልጅ ልጅዎን ታቅፈው ይሳሙ፤ ጉልበትዎ የሞላሌን ዳገት አይፍራ። ለጋሼ ዓምደ ሚካኤል ጤና።

ደግሞ ሰኞ ይቅሩና፣ እነዚህን ሁሉ ልጆች አሰልፌ ቤትዎ ድረስ እመጣለሁ።