አባባ በሩ ላይ ናቸው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ የተከበራችሁ የገበያው ነጋዴዎች! ያልተከበራችሁ የአጎቶቼ ልጆችም፣ ከኋላ መንሾካሾካችሁን ተዉና ስሙኝ።

ለዛሬው ቀብር ከአባዬ ቢሮ ሦስት ገጽ ንግግር ተጽፎ ተሰጥቶኛል። «ባለራዕይ» የሚል ቃል በየመስመሩ አለበት። አያቴ አባባ ግን የሉበትም። ስለዚህ ኪሴ ውስጥ ይቆይ።

አያቴ ማን ነበሩ? ከሌላ አገር መጥተው፣ ሳጥን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ክርና መርፌ፣ ዚፕና የልብስ ቁልፍ እያዞሩ የሸጡ ሰው ናቸው። ሳጥኗ ሱቅ ሆነች። ሰዉ ለኮቱ ቁልፍ እስኪመረጥለት ድረስ ስለ ውሃው፣ ስለ መንገዱ ያማርራል። አባዬ ባንኮኒው ላይ ወጥቶ «እኔ አስተካክለዋለሁ!» አለ። ከባንኮኒው ሲወርድ ከንቲባ ነበር። አክስቴም ቁልፍ በየቀለሙ መለየት ሲሰለቻት ምክር ቤት ገባች። አሁን ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ክራባት ማሰር ጀምሯል። እግዜር ይጠብቃችሁ።

ግን ልጠይቃችሁ። አባባ መድረክ ላይ ሲናገሩ የሰማ አለ? በየምርጫው የፊት ወንበር ላይ ነበሩ። በየፖስተሩ ላይ ነበሩ። ሲናገሩስ? ማንም አልሰማም። ለምን? ጉሮሮአቸውን ስለሚያማቸው!

የአዲሱ ገበያ ምረቃ ትዝ ይላችኋል? «አባባ ይናገሩ! አባባ ይናገሩ!» ብላችሁ ስትጮሁ? አባዬ ማይኩን ላፍ አድርጎ «ይቅርታ፣ ጉሮሮአቸውን አሟቸዋል» አለ። አባባም በታዛዥነት ሳል ሳል አሉ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ይሄ ጉሮሮዬ ምርጫ ሲደርስ ነው የሚነሳበት፤ ሐኪሙም ግራ ገብቶታል» አሉኝ። ስስቅ አክስቴ ቆነጠጠችኝ። ምልክቱ እስካሁን አለ፣ የተከበርሽው አክስቴ።

ጉሮሮአቸው ደህና ነበር። የሚፈራው ያ የሰው አገር ቅላጼያቸው ነበር። «መጤ ናቸው» ከተባልን ድምፅ እናጣለን ተባለ። ቋንቋቸው ከመድረክ ቀረ። ከዚያ ከቤትም ቀረ። እኛ የልጅ ልጆቹ ጋ ሳይደርስ ቀረ።

አንድ ነገር ብቻ ተረፈ። በእሳቸው ቋንቋ፣ የሚሄድ ሰው የመሄጃ ቃል ይላል፤ የሚቀረው ሰው ይመልስለታል። መልሱን ሳይሰሙ መውጣት ነውር ነው። ድሮ አባዬና አክስቴ ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው ይመልሱላቸው ነበር አሉ። እኔ ስደርስ መላሽ አልነበረም። አባባ ግን ሱቁን ሲዘጉ በሩ ላይ ቆመው ቃሉን ይላሉ። ይጠብቃሉ። ከዚያ ሳቅ ብለው ይወጣሉ።

«አባባ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?» እያልኩ አሾፍባቸው ነበር።

«የልብስ ቁልፎቹን» ይሉኛል።

ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። አባዬ ስብሰባ ላይ፣ አክስቴ መንገድ ላይ ነበሩ። አባባ ዓይናቸውን ገለጡና ያንን ቃል አሉ። ጠበቁ። እጃቸውን ይዤ «እሺ አባባ» አልኩ። «አይደለም» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግመው አሉት። ጠበቁ።

እኔ መልስ የማጣ ልጅ ነኝ? እስቲ አስተማሪዎቼን ጠይቁ። ያን ቀን ግን አጣሁ። ማንም አላስተማረኝማ። አባባ መልሳቸውን ሳይሰሙ ሄዱ።

ደህና ይሂዱ አባባ። ይኸው፣ እኔ የማውቀው ይሄንን ብቻ ነው። እሳቸው የጠበቁት ግን ይሄንን አይደለም። የጠበቁትን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች እዚህ ቆመዋል፤ አንዱ ከንቲባ ነው፣ አንዷ የምክር ቤት አባል። ምርጫ ደርሷል፣ ካሜራ አለ፣ መራጩም ሞልቷል። አውቃለሁ።

አባባ ግን አሁንም በሩ ላይ ናቸው።

አባዬ፣ ና ጠጋ በል። ጮክ ብለህ መልስላቸው።

ወይስ ጉሮሮህን አሞሃል?