ባቡሩን ከአዘዞ ስንሸኝ

አባባ ሰሞኑን ጉድ ሠራኝ። ፓሪስ ያለው ወንድሜ በርሊን ያለችውን እህታችንን ሊጠይቃት አስቦ፣ የባቡሩን ሰዓትና የሚቀይርበትን ጣቢያ በስልክ አብረን ስንመርጥ፣ አባባ ጋቢውን ተከናንቦ ያዳምጣል። ስንጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «ማን ይሸኘዋል?»

«እዚያ ሸኚ የለም አባባ፤ ሁሉም ለብቻው ነው» አልኩት።

ወንድሜ በሚሄድበት ቀን ጠዋት አባባን ከቤት አጣሁት። ብፈልገው አዘዞ ሚኒባስ ማቆሚያው ጋ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል።

«ምነው አባባ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ባቡሩ አሁን አይደል የሚነሳው? ያኔ ከአገር ሲወጣም ሳልሸኘው ነው የሄደብኝ።»

አጠገቡ ቆምኩ። የሞላው ሚኒባስ ሲነሳ እጁን አውለበለበ፤ እኔም አውለበለብኩ። ከመስኮቱ አንዲት የማናውቃት ሴት መለሰችልን።