ሰኔ ሃያ ሰባት የሚዘረጋው የወ/ሮ ተናኘወርቅ ገበታ

ከቅርብም ከሩቅም ልታስተዛዝኑን የመጣችሁ ወገኖች፣ አፈር ከመልበሳቸው በፊት የእናታችንን የሕይወት መንገድ አብራችሁን እንድትሰሙ በትሕትና እንለምናለን።

ወ/ሮ ተናኘወርቅ እንደሻው ከአባታቸው ከአቶ እንደሻው ኃይለ ጊዮርጊስ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘርፈሽዋል ተሰማ በ1945 ዓ.ም. በሐረር ከተማ አቦከር ሰፈር ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል እንደተከታተሉ አባታቸው በማረፋቸው፣ እናታቸውን ለማገዝ ሲሉ ደብተራቸውን አስቀምጠው በከተማው ይኖሩ በነበሩ አንድ አሜሪካዊ መምህር ቤት በምግብ አብሳይነት ተቀጠሩ።

በዚያ ቤት አሜሪካኖቹ የነጻነት በዓላቸውን በሚያከብሩበት በሰኔ ሃያ ሰባት ቀን፣ በፍም ላይ የተጠበሰ የተፈጨ ሥጋ በዳቦ መሐል፣ በእንቁላል የተለወሰ የድንች ሰላጣ፣ በቲማቲምና በስኳር የበሰለ ቦሎቄ፣ የበቆሎ ዳቦና ፖም በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገርበት ፓይ ይቀርብ ነበር። ቀኑ ምንጊዜም በሐዋርያት ጾም ውስጥ ይውላልና፣ ወ/ሮ ተናኘወርቅ ያን ሁሉ የሚያሰናዱት አንድም ሳይቀምሱ፣ ጨዉን በማሽተት፣ ብስለቱን በድምፅ እየለዩ ነበር። የቤቱ ልብስ አጣቢ ወ/ሮ ሐዋ ሙሜም በክርስቲያን የታረደ አይበሉም። የቤቱ እመቤት ሠራተኞቻቸውን ከእንግዶቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ባስቀመጡ ጊዜ፣ ሁለቱ ወጣቶች ሥጋውን ገፋ አድርገው፣ ወ/ሮ ተናኘወርቅ ለራሳቸው በዘይት፣ በሎሚና በሰናፍጭ የለወሱትን ድንች ከቦሎቄው ጋር ከአንድ ሳህን በሉ። በአንድ ግቢ ሲሠሩ ከርመው አብረው ሲቆርሱ የመጀመሪያቸው ነበር።

አብዮቱ መጥቶ አሜሪካኖቹ ሲሄዱ፣ ወ/ሮ ተናኘወርቅ ቀኑን አልለቀቁትም። ሥጋውን አስቀርተው፣ ፓይውን ቅቤ በሌለው ሊጥ፣ ፖሙን በማንጎና በቀረፋ ተክተው፣ በየዓመቱ ሰኔ ሃያ ሰባት ደጃቸው ላይ ገበታ ዘረጉ፤ ጾመኛውም ሙስሊሙም ተቀመጠበት። ረመዳን ሲገጥም ገበታው እስከ ኢፍጣር ይጠብቃል። የቀበሌው ሊቀ መንበር የኢምፔሪያሊስት በዓል ታከብሪያለሽ ብሎ ቢያስጠራቸው፣ «ጓድ፣ ቦሎቄው ከጊዲር መጋላ ገበያ፣ ማንጎው ከኤረር ነው፤ ኢምፔሪያሊስቱን አንተው ፈልግልኝ» አሉት። ፓይው ለማስረጃ ተወሰደ፤ ትሪው ታጥቦ ተመለሰ፤ ማስረጃው የት እንደገባ ግን እስከ ዛሬ የተናገረ የለም።

በ1969 ዓ.ም. ከጭነት መኪና ሾፌሩ ከአቶ ኒቆዲሞስ አስፋው ጋር ጋብቻ መሥርተው አቶ ሄኖክንና ወ/ሮ ዮዲን ወለዱ። ባለቤታቸው በመንገድ አደጋ ከተለዩአቸው በኋላም ኤረር በር አጠገብ የበቆሎ ዳቦና የማንጎ ፓይ እየሸጡ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አበቁ።

ገበታውን የጠላ ግን አልጠፋም። «ፈረንጅ ጥሎት የሄደውን በዓል ታነሣለች» ያለ አለ፤ ከእነሱ ጋር መቁረስ ነውር ነው የሚሉም ከወዲህም ከወዲያም ተነሥተዋል። የወ/ሮ ሐዋን ልጅ አቶ ሙሐዲንን እናትህን ከዚያ ገበታ አንሣ ብለው ሲጎተጉቱት፣ ወ/ሮ ሐዋ «ወላሂ፣ ጥርሴ እስኪያልቅ አልነሣም፤ ካለቀም ድንቹ ለስላሳ ነው» ብለው መለሱ። አቶ ሄኖክም በበኩላቸው «እማዬ፣ በዓል ያለ ሥጋ ሰው ይስቅብናል፤ ቀኑን ወደ ጾም ፍቺ እናዙረውና አንድ በግ እንረድ» ባሏቸው ጊዜ፣ እናታችን ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ሥጋ ከገባ ሐዋ ትወጣለች። አንተው ምረጥ» አሏቸው። በጉ ሳይገዛ ቀረ።

ወ/ሮ ተናኘወርቅ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ማክሰኞ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። አልጋ ላይ ሳሉ ለወ/ሮ ዮዲ የተናዘዙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «በለቅሶዬ ሁለት ድንኳን እንዳትተክሉ።» ሣልስታቸው የፊታችን ዓርብ፣ ሰኔ ሃያ ሰባት ላይ ዋለ። ይህን ያዩ አንዳንድ ዘመዶች፣ ሙስሊሞቹ ለብቻቸው ይስተናገዱ፣ ፓይውም ለለቅሶ አይሆንምና ይቅር ብለው ትናንት ሽማግሌ ሰበሰቡ። ድምፃቸው እምብዛም የማይሰማው ወ/ሮ ዮዲ ሁሉንም አዳምጠው ሲያበቁ፣ «አባቶቼ፣ ቦሎቄውን ነክሬዋለሁ፤ የነከርኩትን መልሼ አላደርቅም» አሉ። አቶ ሄኖክ ከእህታቸው ጎን ቆሙ፤ ለሙስሊሞቹ ተብሎ የመጣውን ሁለተኛ ድንኳንም ራሳቸው ሄደው ለዕድሩ መለሱ።

ወ/ሮ ተናኘወርቅ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ስማቸው ከዚህ ጽሑፍ እንዲሰረዝ ተጠይቆ ያልሰረዝነውን እህታቸውን ወ/ሮ ሐዋ ሙሜን ትተው አልፈዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ማንም ከማይነሣበት ገበታ ያስቀምጥልን፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን። የቀረነው ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት መልስ፣ በአንዱ ድንኳን እንገናኛለን። ድንቹ በሰናፍጭ ነው።